የቱ 1999?

እስኪ ዛሬ ልተንፍስ። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ቁጥር ሳሳድድ ዋልኩ፣ አደርኩ። ሌላ ነገር አይደለም፤ ቴሲሴ (የመመረቂያ ጽሑፌ) ላይ የማጠናት ከተማ ሕዝብ ይህን ያህል ነው ብዬ ምንጭ ልጠቅስ ብቻ! ርዕሴ የመጠጥ ውኃ ነው፤ ጠጪው ስንት እንደሆነ ሳላውቅ ምኑን ልጽፈው?

መጀመሪያ አንድ የጥናት ጽሑፍ ላይ አገኘሁትና እሰይ አልኩ። ምንጩን ሳይ ሌላ ጥናት ይጠቅሳል። እሱን ከፈትኩ፤ እሱም ሌላ። አራተኛው ላይ ስደርስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የማስተርስ ጽሑፍ ነው፤ «በ1999 ቆጠራ» ብሎ ዝም። የእኛ ይሁን የፈረንጅ፣ እግዜር ይወቀው። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በእኛ 1999፣ በፈረንጅ 2007 ነው (አፋርና ሶማሌ ኅዳር 2000 ላይ ነው የተቆጠሩት፤ እሱን ለጊዜው ተዉት)። ቀጥሎ የመጣው ተመራማሪ ግን የፈረንጅ 1999 መስሎት፣ ከዚያ ተነስቶ በአገር አቀፉ የ2.6 በመቶ ዓመታዊ ዕድገት እያባዛ ወረደ። ስምንት ዓመት በነፃ! አስሉት፤ 23 በመቶ ገደማ ያልተወለደ ሰው ከተማዋ ውስጥ ገባ። የቀሩትም ሳያዩ ገለበጡ። ሪቪው ያደረገው ሰውዬስ ምን እያየ ነበር?

አንዱን ኤአይ ብጠይቀው ደግሞ ምንጭ ከነገጽ ቁጥሩ ዱብ አደረገልኝ። ጆርናሉ አለ፣ ቅጹ አለ፣ ጽሑፉ የለም። የለም እኮ ስለው «ይቅርታ» ብሎ ሌላ የሌለ ጽሑፍ ሰጠኝ። ዓይኑን በጨው የታጠበ!

አማካሪዬ በበኩላቸው «ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ምንጭ አልቀበልም» ይሉኛል። ዶክተር፣ ከየት ላምጣው? አራተኛው ቆጠራ ሲንከባለል ቆይቶ ሰኔ 2011 ላይ ምክር ቤቶቹ እንደገና አራዘሙት። ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣው ትንበያም መነሻው ያው የ1999ኙ ቆጠራ ነው። እናም አምና የታተመውን፣ ያንን የተበላሸ ቁጥር የተሸከመውን ጽሑፍ ብጠቅስ «አዲስ ምንጭ» ተብሎ ያልፋል፤ ቤት ለቤት ተዙሮ የተቆጠረበትን ዋናውን ሪፖርት ብጠቅስ «አሮጌ ነው» ተብሎ በቀይ ይሰረዛል። አቃጠለኝ!

ለማንኛውም ትናንት ማታ ዋናውን ሪፖርት ከነሠንጠረዥ ቁጥሩ ጠቅሼ፣ አጠገቡ «እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብዬ አድምቄ ጽፌ ላክሁላቸው። አይተውታል። መልስ ግን የለም።