ሩጫውን ከማመልከቻው ላይ አታስወጡት

ሰሞኑን ለሐበሻ ወላጆች በዙም በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ የኮሌጅ ማመልከቻ አማካሪ የተናገሩት ነገር አሁንም ያበሳጨኛል። አንዲት እናት ጥያቄ አቀረቡ። ልጃቸው የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ የለም። ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በየማለዳው ይሮጣል፣ ማታ ማታ ምድር ቤት ወርዶ ክብደት ያነሳል። ይህን ኮመን አፕ (ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በጋራ የሚቀበሉት የማመልከቻ ቅጽ) ላይ ከክፍል ውጪ የሚሠራቸው ነገሮች በሚዘረዘሩበት ቦታ ይጻፈው ወይስ ይተወው? አማካሪው ጥያቄውን እንኳ በደንብ ሳያስጨርሱ «ይተወው» አሉ። «ጂም መሄድ እኮ ጥርስ እንደ መቦረሽ ነው፤ ሰው ለራሱ የሚያደርገው ነገር አክቲቪቲ አይባልም።» እናትየዋ አመስግነው ማይካቸውን ዘጉ።

ጥርስ መቦረሽ 2 ደቂቃ ይፈጃል። ማንም ልጅ ጥርሱን ለመቦረሽ በጥር ብርድ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በረዶ እየረገጠ አይወጣም። 5 ኪሎ ሜትር ሲያቅተው የነበረ ልጅ ግማሽ ማራቶን፣ ማለትም 21 ኪሎ ሜትር ሮጦ ለመጨረስ የወራት እቅድ ያስፈልገዋል። ዛሬ ስንት ልሩጥ፣ ነገ ልረፍ ወይ፣ ጉልበቴን ሲያመኝ ልቀጥል ወይስ ላቁም፤ ይህን ሁሉ የሚወስነው ራሱ ነው። ቢቀር የሚቆጣው አሰልጣኝ የለም። ቢያሸንፍ የሚያጨበጭብለት ሰው የለም። ኮሌጅ ገብቶ ከቤት ሲርቅ ደግሞ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ማንም ሳይቀሰቅሰው መነሳት።

«ለራሱ የሚያደርገው» የሚለውም አይገባኝም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ብቻውን ፒያኖ የሚለማመድ ልጅ ለማን ነው የሚለማመደው? ክፍሉን ዘግቶ ኮዲንግ የሚማረውስ? እነዚያ ሲሆኑ «ጻፉት፣ አድምቁት» ይባላል። ላብ ሲኖርበት ነው ነገሩ የሚረክሰው?

ቅጹንም በደንብ ያዩት አልመሰለኝም። ኮመን አፕ 10 ቦታ ይሰጣል፤ ለያንዳንዱ ማብራሪያ 150 ፊደል። የሚጠይቀው ስንተኛ ክፍል እያለህ ሠራኸው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት የሚል ነው። ከሚመረጡት ዓይነቶች መካከል የቤተሰብ ኃላፊነት አለ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ አለ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ደግሞ ሽልማቱንም አክቲቪቲውንም አንድ ላይ እስከ 20 ይቀበላል፣ ለማብራሪያውም 350 ፊደል ይፈቅዳል። ታናሽ እህትን መጠበቅ የሚጻፍበት ቅጽ ላይ የዓመታት ሩጫ የማይጻፍበት ምክንያት ምንድነው? ከልካዩ ቅጹ አይደለም፤ አማካሪው ናቸው።

ሌሎች ደግሞ «እሺ፣ ግን ማን ያረጋግጣል?» ይላሉ። በ2019 መጋቢት ላይ የፈነዳውን የአሜሪካ ኮሌጆች የቅበላ ቅሌት ረስተውት ነው? ሪክ ሲንገር የሚባለው አማካሪ (እሱም አማካሪ ነበር) ከሀብታም ወላጆች ገንዘብ እየተቀበለ፣ ጀልባ ቀዝፈው የማያውቁ ልጆችን ቀዛፊ ናቸው ብሎ ያቀርብ ነበር። የመቅዘፊያ ማሽን ላይ አስቀምጠው ፎቶ ያነሷቸው ልጆች ነበሩ። ከውስጥ ሆነው የተባበሩት የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ናቸው። ሰውየው በ2023 ጥር ላይ 3 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። «የተረጋገጠ ስፖርት» የምትሉት ይህን ጉድ አሳልፏል። ብቻውን የሚሮጥ ልጅ ቢያንስ ስልኩ ላይ የዓመታት መዝገብ አለው፤ ቀኑ፣ ርቀቱ፣ ፍጥነቱ ሁሉ። የክበብ ፕሬዚዳንት ነበርኩ የሚለው ልጅ ምን አለው?

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ምክር የተሰጠው ለማን ነው? ለኛ ልጆች ነው። የትምህርት ቤት ቡድን ልምምድ የሚጀምረው ትምህርት እንዳለቀ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት የኛ ሰዎች የት ናቸው? አባት ኡበር እየነዳ ነው፣ ወይ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እናት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የከሰዓት ፈረቃ ልትገባ ነው። ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው፣ ምሳቸውን የሚያሞቅላቸው፣ የቤት ሥራቸውን የሚያየው ይኸው ልጅ ነው። ክለብ ልግባ ቢል ክፍያው አለ፣ ትጥቁ አለ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ሌላ ስቴት ድረስ ነድቶ የሚወስደው ሰው ያስፈልገዋል፣ ሆቴሉም አለ፣ ጨዋታው እሑድ ጠዋት ከሆነ ደግሞ ቅዳሴው ይቀራል። በዲቪ መጥቶ አስረኛ ክፍል ላይ የተቀላቀለውማ ጭራሽ አይነሳ፤ ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ በግል አሰልጣኝ ካደጉ ልጆች ጋር ተወዳድሮ ነው ቡድን የሚገባው። እንዲህ ያለ ልጅ ምን ያደርጋል? ጫማውን አስሮ ይወጣል። የሚቀረው እሱ ብቻ ነው። ሌላው በር ሁሉ በሰዓትና በገንዘብ ተዘግቶበት፣ ራሱ የከፈታትን አንዲት በር «ይቺ አትቆጠርም» ብሎ መዝጋት ግፍ ነው። ሌላ ስም የለውም።

ደግሞ ስፖርት ነጥብ የለውም የሚለው ውሸት ነው። በተማሪ ቅበላ ያዳላል ተብሎ ሐርቫርድ ላይ በቀረበው ክስ፣ በ2018 ቦስተን በዋለው ችሎት ምን እንደተሰማ አስታውሱ። አሰልጣኝ ከመረጣቸው ስፖርተኛ አመልካቾች ከ100 86 ያህሉ ተቀባይነት ያገኙ ነበር። ስኳሽ (በግድግዳ በተከበበ ሜዳ በራኬት የሚጫወቱት)፣ የጀልባ ቀዘፋ፣ የሻምላ ግጥሚያ እዚያ ውስጥ አሉ። እስቲ ከኛ ሰፈር ስኳሽ ሜዳ ያለው ቤተሰብ አሳዩኝ። ስፖርት ይቆጠራል፤ የማይቆጠረው የደሀ ልጅ ስፖርት ነው። ከዚያው ከሐርቫርድ፣ ከትምህርት ፋኩልቲው፣ በ2016 የወጣ ሪፖርት ራሱ ቅበላ ላይ ያሉ ሰዎች ልጆች ለቤተሰባቸው የሚሠሩትን እንዲያዩ፣ የአክቲቪቲ ብዛት መቁጠርም እንዲተው መክሯል። ብዙ የቅበላ ኃላፊዎችም ደግፈውታል። የኛ አማካሪዎች ግን ገና ዋንጫ ይቆጥራሉ።

ይህን ለሐበሻ ወላጅ መናገራቸው ደግሞ ይብሳል። ኃይሌ ገብረሥላሴ አርሲ ውስጥ ደብተሩን ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ክለብ ነበረው? ማረጋገጫ ወረቀት ነበረው? ዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እንኳ ግራ እጁ ደብተር እንደያዘ እጥፍ ብሎ ነበር የሚሮጠው። በአማካሪው ሚዛን ያ ሁሉ መንገድ ከቅጹ ላይ ይሰረዝ ነበር።

ሩጫ ብቻውን ሐርቫርድ ያስገባል አላልኩም። ሦስት ሳምንት ጂም ሄዶ የተወም አይጻፍ፤ ቦታ መሙያ ነው፣ አንባቢውም ያውቀዋል። ሌላው ግን ይጻፍ። አጻጻፉ ላይ ነው አማካሪዎች ሊረዱን የሚገባው። «ጂም እሄዳለሁ» ተብሎ ከተጻፈ በእርግጥ ምንም አይናገርም። «ታናናሾቼ ሳይነሱ በሳምንት 5 ቀን እሮጣለሁ፤ እቅዱን ራሴ አውጥቼ ግማሽ ማራቶን ጨረስኩ፤ አሁን ወንድሜን አሰለጥናለሁ» ቢባል ግን፣ በእንግሊዝኛም 150 ፊደል ውስጥ ይገባል፣ ልጁንም ያሳያል። ዓይነቱን ምረጥ በሚለው ቦታ ላይ የትምህርት ቤት ቡድን የሚለውን አይንካ፤ «ሌላ» የሚል ምርጫ አለ። ሰዓቱን አይጨምር፣ አይቀንስ። የካሊፎርኒያው ማመልከቻ በተለምዶ የሚዘጋው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ የብዙዎቹ ኮሌጆች መደበኛ ቀን ደግሞ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት አካባቢ ነው። ሩጫውን ያጠፋ ልጅ ካለ፣ ቀኑ ሳያልፍ መልሶ ይጻፈው።