እርማት፦ ለሙዝ ቺፕስ የበሰለ ሙዝ አይሆንም

እህቴ፣ «ለቺፕስ በደንብ የበሰለ ቢጫ ሙዝ ግዙ፤ ካልጠነከረ ዘይቱ ውስጥ ረዘም አድርጋችሁ አቆዩት» ያልሽውን አየሁት። ብዙ ሰው እንደዚህ ያስባል፣ ግን ልክ አይደለም። እኔም እዚህ ደብረ ማርቆስ በበሰለው ሁለቴ ሞክሬ ዘይትም ሙዝም ስለጨረስኩ ነው የምጽፍልሽ።

ጥሬ ሙዝ ከውሃው ሌላ አብዛኛው ስታርች ነው። ሲበስል ስታርቹ ወደ ስኳር ይቀየራል። ስኳር ደግሞ የጋለ ዘይት ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል፤ ውሃው ተንኖ ሳያልቅ ላዩ ያርና ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ረዘም አድርገሽ ብታቆዪው የምታገኚው ምሬት ብቻ ነው። የሱቁ ቺፕስ ቢጫ የሚሆነውም ሙዙ ስለበሰለ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እርድ ነው።

ስለዚህ ገበያ ስትሄጂ ነጋዴዋን «ገና አረንጓዴ፣ ጠንካራውን» በያት። ከአርባ ምንጭ የሚመጣው አረንጓዴ እያለ ስለሚጫን ፈልገሽ አታጪም። ልጣጩ በእጅ እሺ አይልም፣ በቢላ ነው። ሙጫው እንዳይዝሽ እጅሽን ዘይት ቀባ አድርጊ። ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ እኩል አድርገሽ ክተፊ፤ ወፍራምና ቀጭን ከተቀላቀለ አንዱ ሲያር ሌላው ጥሬ ነው። ጨውና ትንሽ እርድ ያለበት ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆይተሽ በጨርቅ በደንብ አድርቂው።

መካከለኛ እሳት ላይ ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ጥበሽ። አረፋው ሲቀንስና ጩኸቱ ጸጥ ሲል አውጪው። ሳይቀዘቅዝ ግን እንዳትከድኚው፣ እንፋሎቱ መልሶ ያለሰልሰዋል።