ውዳሴ ለማኅተም አዳኞች

በአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ማሞዝ ሆት ስፕሪንግስ በተባለው የፍልውሃ ስፍራ ነጫጭ የድንጋይ እርከኖች ሥር፣ ጎብኚው ሁሉ አንጋጦ ሲደነቅ ጀርባቸውን ለእርከኑ ሰጥተው የወደቀ ግንድ ሥር የሚያነፈንፉ ሰዎች አሉ፤ እነርሱን ሳያመሰግኑ ማለፍ ግፍ ነው። ሙያቸው ሌተርቦክሲንግ ይባላል። አንዱ የጎማ ማኅተምና ትንሽ ደብተር በፕላስቲክ ዕቃ ከትቶ ይደብቃል፤ ሌላው ፍንጩን ተከትሎ ፈልጎ ሲያገኘው የዕቃውን ማኅተም በራሱ ደብተር፣ የራሱን ማኅተም ደግሞ በዕቃው ደብተር ላይ መትቶ፣ ሁሉንም እንደነበረ ደብቆ ይሄዳል።

የሙያው አባት እ.ኤ.አ. በ1854 በእንግሊዝ አገር፣ በዳርትሙር፣ ክራንሜር ፑል በተባለ ገለልተኛ ስፍራ ጎብኚዎች የስም ካርዳቸውን የሚተዉበት ጠርሙስ ያኖረው መንገድ መሪ ጄምስ ፔሮት ነው። ፔሮት እንኳ ይቅር ሊባል ይችላል፤ ያን ሁሉ ረግረግ አቋርጦ ለደረሰ ሰው ከጠርሙሱ የተሻለ የሚታይ ነገር ብዙም አልነበረም። ልጆቹ ግን ከአባታቸው በልጠው፣ ምድር ያላትን ሁሉ በዘረገፈችበት ቦታም ቢሆን ዓይንን ከጠርሙስ ላይ አለማንሣት እንደሚቻል አስመስክረዋል።

ትጋታቸውን በቅርብ ማየት ያስቀናል። ከካናሪ ምንጭ፣ ማለትም በዳርቻው ከሚበቅሉት ቢጫ ክር መሰል ባክቴሪያዎች ስሙን ካገኘው ፍልውሃ፣ እንፋሎቱ ሲነሣ ማኅተም አዳኙ ፈጥኖ ይንበረከካል፤ ለተፈጥሮ የሰገደ የመሰለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ እርጥበቱ ገና ያልደረቀውን ቀለም እንዳያደበዝዝበት ደብተሩን በደረቱ እየከለለ ነው። ቀና ብሎ ቢያይ ምን ያተርፋል? የእርከኑ ሥዕል እንደሆነ በማኅተሙ ላይ ተቀርጾለታል፤ ያውም ሳይተን፣ ሳይሸት፣ በአውራ ጣት ልክ።

ይህ ትጋት ያለ ዘር ሐረግ የመጣ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የነበሩ ጎብኚዎች ጠርሙስና የፈረስ ጫማ ፍልውሃው ውስጥ እየነከሩ፣ ኖራው ሲለብሰው ለመታሰቢያ ይወስዱት ነበር። እንዲህ ያሉ የጥበብ ወዳጆች ስለበዙ ሳይሆን አይቀርም፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የአሜሪካ ጦር ፓርኩን ሊጠብቅ ገብቶ እስከ 1918 ድረስ የቆየው። የእኛ ጀግኖች ከእነዚያ ይልቃሉ፤ እነዚያ ከፓርኩ ወሰዱ፣ እነዚህ ለፓርኩ ፕላስቲክ ይሰጣሉ።

እርግጥ፣ በአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች ያለ ፈቃድ ንብረትን ከ24 ሰዓት በላይ ያለ ጠባቂ ትቶ መሄድ ክልክል ነው፤ በፍልውሃዎቹ አካባቢም ከእንጨት መረማመጃው መውጣት አይፈቀድም፤ ስስ በሆነው የምድር ቅርፊት ሥር የሚያቃጥል ውኃ አለና። ማኅተም አዳኙ ሕግ አክባሪ ነው፤ ዕቃው የተተወ ሳይሆን ባለጉዳይ እየጠበቀ ያለ መሆኑን፣ ከመረማመጃው የወረደውም እግሩ ብቻ እንደሆነና ልቡ እዚያው ላይ እንደቆመ ያስረዳል።

አንድ ቅሬታው ግን ሊደመጥ ይገባል። ውኃው ከመሬት በታች የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ይመጣና ወደ ላይ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተናል፤ ኖራውም ረግቶ ትራቨርቲን የተባለውን ድንጋይ ይሠራል። ድንጋዩ መውጫውን ሲደፍንበት ውኃው ያለ ይሉኝታ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ትናንት ሲፈስስበት የነበረው እርከን ደርቆ ይገረጣል። እንግዲህ «ከሚተነው ጠርዝ ሠላሳ እርምጃ ወደ ምሥራቅ» ብሎ ፍንጭ የጻፈ ታማኝ ሰው ምን ይዋጠው? አስተዳደሩ ፍልውሃው መውጫውን ከመቀየሩ በፊት ለማኅተም አዳኞች በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይታዘዝልን፤ ካልተቻለም ምንጩ ራሱ ማስታወቂያውን ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎበት፣ ከግንዱ ሥር ይተውልን።