ካርታ ሳንሰጠው ስለ ድንበር የምንጨቃጨቅ

እናንተ የአገሬ ሰዎች፣ ስለ ታሪክ ስትነታረኩ ውላችሁ ስትነታረኩ ታድራላችሁ። ታክሲ ውስጥ ምኒልክ፣ ለቅሶ ቤት ዮሐንስ፣ ቡና ላይ አሉላ፤ ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን ደግሞ በስልኩ ድንበር ሲያሰምርና ሲሰርዝ ይነጋበታል። በመጨረሻ ሁላችሁም በአንድ አፍ “የዛሬ ልጆች ታሪክ አያውቁም” ትላላችሁ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ለልጆቹ ታሪክ የሚያስተምረው ሰው እጁ ላይ ምን እንዳለ ሄዶ ያየ ከመካከላችሁ አለ?

እኔ አይቻለሁ። በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። እጄ ላይ የነበረው ጠመኔ ነው።

ባለፈው ዓመት ወደዚያው ብቅ ብዬ ነበር። የጂኦግራፊ መምህሩ የድሮ ባልደረባዬ ነው፤ የተጠቀለለ ካርታ በብብቱ ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሮጥ አገኘሁት። ትምህርት ቤቱ ያለው ካርታ እሱ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ሲታተም “ደቡብ” አንድ ክልል ነበር። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሲሆን ባልደረባዬ በቀይ እስክሪብቶ ከለለው። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ሲወጣ በሰማያዊ። በነሐሴ 2015 የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሲባል እስክሪብቶው አልበቃ ብሎት ከደብተር ወረቀት ቆርጦ በሙጫ ለጠፈበት። ደቡብ ሱዳን በ2003 ነፃ አገር ብትሆንም በዚያ ካርታ ላይ ሱዳን ዛሬም አንድ ናት። “እሷን በቃል ነው የምነግራቸው” አለኝ። አዋሽ ወንዝ ካርታው የሚታጠፍበት ላይ ተበልቶ መሃሉ ተበጥሷል። ከኋላ ወንበር ያሉት ልጆች ደግሞ ቀዩንም ሰማያዊውንም አያዩትም።

“የአገራቸውን ድንበር እንኳ አላስተማራቸውም” እያላችሁ የምትወቅሱት ይህን ሰው ነው።

እሱው ስለ ሕዝብ ቁጥርም ያስተምራል። ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል የተቀመጠው ልጅ በዚያ ቆጠራ ጊዜ አልተወለደም። ከዚያ ወዲህ ያለው ግምት ነው፤ ግምቱ የታተመበት ወረቀት ግን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እዚያ ክፍል ሲደርስ አላየሁም።

አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ክፍሌ ውስጥ ትምህርት የሚባለውን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ አማርኛውንና የጣሊያንኛውን ትርጉም፣ ጎን ለጎን አባዝቼ ገባሁ። የማባዣውን ከኪሴ ከፈልሁ፤ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ለፈተና ብቻ ነበርና። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ይላል፤ ጣሊያንኛው ግድ ያደርገዋል። ልጆቹ በአንድ ግስ ተፋጠጡ። ደወል ሲደወል የተነሣ አልነበረም። ስሙን እንኳ የማላውቀው አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አውጥቶ “መምህር፣ ታዲያ አስተርጓሚው ማን ነበር?” አለኝ። አላውቅም ነበር። ቤተ መጻሕፍት ገባሁ፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው የታሪክ መጽሐፍ ያው እኔና ተማሪዎቼ የያዝነው ነው። መልሱን ያገኘሁት ከአራት ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ተቀምጬ ነው። ልጁ ያኔ ባጃጅ ይነዳ ነበር።

ሁለት ገጽ ወረቀት ነው የምላችሁ። ቤተ ሙከራ ሥሩ አላልሁም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ጮኸ። ቁጥሩን ከፍቶ ውስጡን ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች ያለፉት 6.8 በመቶ ነበሩ። በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል 556,878 ልጆች ተፈትነው ያለፉት 6,973 ናቸው። ከመቶ አንድ ሰው ከምናምን። ጥፋቱ የካርታ እጦት ብቻ ነው አልልም፤ እንግሊዝኛውም ሒሳቡም አለበት፤ የአያቱን ዘመነ መሳፍንት በእንግሊዝኛ የሚሸመድድ ልጅ ምን ይሆናል ብላችሁ ነው? ግን ልጁ ወደዚያ ክፍል ሲገባ ከቤቱ ምን ተብሎ ገባ? “ሶሻል ገባ” ስትሉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ እንደ ነውር ነው። መንግሥትም ዩኒቨርሲቲውን ሰባ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ ለማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ በደለደለበት ጊዜ የትኛው ልጅ የትኛው እንጀራ ልጅ እንደሆነ ለሁላችንም ነገረን። እናንተም በደስታ ተቀበላችሁ።

ስለ ሥልጠናው ደግሞ ለሙያ ጓደኞቼ የምናገረው አለኝ፤ አትቆጡ። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ በእኛ ቋንቋ ተሙማ፣ ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይላል። ስልሳ ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም! አንድ የታሪክ መምህር በዚያ ሰዓት የአክሱምን ጽሑፍ ከተማሪ ጋር ማንበብ፣ የሰፈር ሽማግሌ ጠይቆ መመዝገብ፣ እርስ በርሱ የሚጋጭን ምስክርነት መመዘን ይማር ነበር። እኛ ምን አደረግን? የአምናውን ዕቅድ አውጥተን ቀኑን ቀይረን ፖርትፎሊዮው ውስጥ ከተትነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ርእሰ መምህሩ ማኅተም መታበት፤ ሱፐርቫይዘሩ ፋይሉን መዝኖ “ጥሩ ነው” ብሎ ሄደ። አዳራሽ ተሰብስበን የሰማነው ሥልጠናም ቢሆን ከንግግሩ ይልቅ አበሉ ነው የሚታወሰን።

የዜግነት ትምህርትማ ክፍለ ጊዜ ላልሞላለት ሰው መሙያ ሆነ። አንድ ዓመት የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ተሰጠው። ደግ ሰው ነው፤ መረብ ኳስ ያስተምር ነበር። 106 አንቀጽ ያለውን ሕገ መንግሥት አስተምር ሲሉት አንድ ቅጂ እንኳ የሰጠው የለም። ከፍርድ ቤት ጸሐፊ ተውሶ ለሦስት ቀን አነበበና መለሰ። በዚያ ዓመት የተማሩት ልጆች ዛሬ መራጮች ናቸው።

በውጭ ያላችሁ፣ ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት ገንዘብ ስታዋጡ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ኮምፒውተሮቹ መጥተዋል፤ መብራት ባለበት ቀን ይሠራሉ። ካርታ የላከ ግን እስካሁን አላየሁም። ወላጆችም መስከረም ላይ ለምዝገባ ስትሄዱ ስለ ደንብ ልብሱ ቀለም ከምትከራከሩ የታሪኩን መምህር አስጠርታችሁ ዘንድሮ ምን ጎደለህ በሉት። ደንግጦ ምንም አልጎደለኝም ይላችኋል፤ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለምና። ሁለተኛ ጠይቁት። የዞንና የወረዳ ኃላፊዎች ደግሞ ወረቀት ፍቀዱ፤ ሌላው ይቆየን።

ባልደረባዬ ካርታውን ሲጠቀልል “ሌላ ክልል ይወጣል ይባላል፣ ሰምተሃል?” ብሎ ጠየቀኝ። ሙጫው አልቆበት ነበር።