ወገኖቼ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ይቺን ስሙኝ

ወገኖቼ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ የምቆጣውም ስለምወዳችሁ ነው። ጦርነት በተነሳ ቁጥር ስልካችንን ይዘን ደምስሱልን፣ አንድም እንዳይተርፍ እያልን የምንጽፈው ነገር አንገቴን አስደፍቶኛል፣ ይሄን ሁሉ የምንለው ደግሞ በጀግንነት ስም ነው። ትላንትም እጁን የሰጠ አንድ ልጅ ቪዲዮ ስር ይሄንኑ ጻፋችሁ። እሺ፣ ወሬው የጀግና ከሆነ ስለ አንድ የእንግሊዝ ባሮን፣ ማለትም ባላባት፣ ልንገራችሁ፣ ዊልያም ማርሻል ይባላል፣ እኛ ጋ ላሊበላ በነገሠበት ዘመን የኖረ ሰው ነው።

በፈረንጆቹ 1152 ዊልያም ገና 5 ዓመት ገደማው ነው። ንጉሥ ስቲቨንና ማቲልዳ በዙፋን ሲፋጁ አባቱ ጆን የማቲልዳ ወገን ነበርና ኒውበሪ ላይ ምሽጉ ተከበበ። አባትየው ጊዜ ስጡኝ ብሎ ለመነ፣ ልጁን መያዣ አድርጎ ሰጠ፣ ከዛ በተሰጠው ጊዜ ቃሉን አጥፎ ምሽጉን ስንቅና ወታደር ሞላበት። ልጅህን እንሰቅለዋለን ሲሉት ምን አለ መሰላችሁ፣ መዶሻውም መስፉም እኔ ጋ ነው፣ ከሱ የሚሻል ልጅ እሠራለሁ። ይሄን የሚነግረን ዊልያም ከሞተ በኋላ የበኩር ልጁ ያስጻፈለት ረጅም የፈረንሳይኛ ግጥም ነው። ሕፃኑ ወዴት እንደሚወስዱት ስላልገባው አንዱ መኮንን የያዘውን ጦር አይቶ ስጠኝ ልጫወትበት ይል ነበር። ይሄን ሲሰማ የንጉሡ አንጀት አልቻለም፣ አቅፎ መለሰው። በኋላም ድንኳን ውስጥ ንጉሥና መያዣ ቁጭ ብለው በሣር ዘንግ ውጊያ ሲጫወቱ ታዩ።

አባትየውን ለመርገም አትቸኩሉ። የራሱን ልጅ ውጭ ልኮ የጎረቤቱን ልጅ ዝመት የሚል ስንት ሰው አለ መሀላችን?

ልጁ አደገ፣ ኖርማንዲ ተልኮ ፈረስና ጦር ተማረ፣ በ1166 የፈረሰኛ ተዋጊ ማዕረግ አገኘ። ፈረሰኞች ለውድድር በጦር በሚጋጠሙበት ጨዋታ ላይ የሚችለው አልነበረም፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ በ10 ወር 103 ፈረሰኞች ማረከ። አንዴ ሽልማት ሊሰጡት ቢፈልጉት አንጥረኛ ቤት ጭንቅላቱን መስፍ ላይ አስተኝቶ አገኙት፣ የራስ ቁሩ ከመቀጥቀጡ ብዛት አልወልቅ ብሎት አንጥረኛው በመዶሻና በጉጠት እየታገለ ነው። በ1189 ደግሞ ልዑል ሪቻርድ የገዛ አባቱን ንጉሥ ሄንሪ 2ኛን ሲያሳድድ ዊልያም መንገድ ላይ ገጠመው፣ ሊገድለው እየቻለ ፈረሱን ብቻ ወጋው። ሪቻርድ ሲነግሥ አልተበቀለውም፣ እንዲያውም ኢዛቤል ደ ክሌርን ዳረው፣ በሷ በኩል ዌልስና አየርላንድ ውስጥ ሰፊ ርስት አገኘ። መልአክ ነበር አልላችሁም፣ አየርላንድ ውስጥ የፈርንስን ጳጳስ ሁለት ርስት ወስዶ ተወግዟል፣ እስኪሞትም አልመለሰም።

እኔ ግን የምወደው እርጅናውን ነው። በ1215 ባሮኖቹ የሪቻርድን ወንድም ንጉሥ ጆንን ማግና ካርታ የሚባለውን፣ የንጉሡን ሥልጣን የሚገድብ ሰነድ ሲያስፈርሙት እሱ ከንጉሡ ጎን ነበር፣ የበኩር ልጁ ደግሞ ንጉሡን እንዲቆጣጠሩ ከተመረጡት 25 ባሮኖች አንዱ። አባትና ልጅ በሁለት ጎራ! በጥቅምት 1216 ጆን ሞተ፣ ለንደንና የአገሩ ብዙው ክፍል በፈረንሳዩ ልዑል ሉዊና በአመፀኞቹ ባሮኖች እጅ ነው፣ ዙፋኑ የሚጠብቀው የጆንን የ9 ዓመት ልጅ ሄንሪን ነው። እንደራሴ ሁን ሲሉት መጀመሪያ አርጅቻለሁ ብሎ ነበር፣ በኋላ ግን ሁሉም ቢተወው በትከሻዬ ተሸክሜው ከደሴት ደሴት እዞራለሁ አለ፣ እንጀራ ለምኜም ቢሆን። አንድ ቀን መያዣ የነበረ ሕፃን ነው እንዲህ የሚለው።

እና ምን አደረገ? ጆን በሮማው ጳጳስ አሽሮት የነበረውን ማግና ካርታ በዛው ዓመት በኅዳር ራሱ በንጉሡ ስም አሻሽሎ አወጣው፣ አመፀኞቹ የታገሉለትን ነገር እኮ ነው። ተመለሱ፣ መሬታችሁ ይጠበቅላችኋል አለ፣ የራሱ ልጅም ተመለሰ። በፈረንጆቹ ግንቦት 20 ቀን 1217 ሊንከን ከተማ ላይ 70 ዓመቱ አካባቢ እያለ ሊዋጋ ሲነሳ የራስ ቁሩን ረስቶ ሰው ነው ያስታወሰው፣ ልጁም አብሮት ተዋጋ፣ አሸነፉ። ከድሉ በኋላ ግን ወታደሩ ከተማውን ዘረፈ፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው በትንንሽ ጀልባ ሲሸሹ ወንዙ በላቸው። ድል ድል ስትሉ እነዚህን እናቶች አስቡልኝ።

በነሐሴ የሉዊ ረዳት ጦር ባሕር ላይ ተመታ፣ ሰውዬው እጁ ላይ ወደቀ ማለት ይቻላል። ማርሻል ግን ጨርሱት አላለም። በመስከረም ታረቁ፣ ሉዊ 10,000 ማርክ ተከፍሎት ወደ አገሩ እንዲሄድ ሆነ፣ አመፀኞቹም መሬታቸው ተመለሰላቸው። ለምን ለቀቅከው ብለው በኋላ የወቀሱት ነበሩ፣ እሱ ግን ልዑሉን ራሱ እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ ሸኘው።

እናንተ ደግሞ ትላንት እጁን የሰጠው የዛ ልጅ ቪዲዮ ስር የጻፋችሁትን ሂዱና ዲሊት አድርጉት። ዛሬውኑ።