ለሠላሳ ደቂቃ ሩጫ ብናይ ምን ይጎድልብን ነበር?

ትናንት ማታ ደሴ ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ ኳስ ማሳያ ቤት ገብቼ፣ ከሁለቱ ስክሪኖች በአንዱ ልጆቻችን የሚሮጡበትን ውድድር እንዲከፍትልኝ አሳላፊውን ብለምነው፣ ሪሞቱን ጉያው ውስጥ ወሽቆ «ወንድሜ፣ ሰው የከፈለው ለኳስ ነው» አለኝ። በሁለተኛው ስክሪን ምን ይታይ ነበር? ማስታወቂያ!

በ2015 ዓ.ም. የቡሄ ዕለት ማታም እንዲሁ ነበር። ቡዳፔስት ላይ ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ የዓለም ሻምፒዮናውን 10,000 ሜትር ተከታትለው ከአንድ እስከ ሦስት ሲወጡ፣ በዚያው ሰዓት ማንቸስተር ሲቲ ከኒውካስል ይጫወት ስለነበር፣ እኔ ድሉን በስልክ ሰማሁ። ለመሆኑ ኒውካስል የት ነው? ከሐይቅ ማዶ ነው ወይስ ከኩታበር በላይ?

በእግር ኳስ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳነው አንድ ጊዜ፣ እሱም በ1954 ዓ.ም. ነው፤ የዓለም ዋንጫንማ ከነጭራሹ ደጁንም አልረገጥነው። አበበ ቢቂላ ግን ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈው ከዚያ በፊት፣ በ1952 ዓ.ም. ነበር። ጦሳ ሥር፣ ለሯጭ በተፈጠረ ከፍታ ላይ የሚኖረው የሰፈሬ ጎረምሳ የአርሰናልን ተቀያሪ ግብ ጠባቂ በስሙ ይጠራል፤ ባለ ወርቋን ሯጭ ግን «ያቺ ቀጭኗ» ይላታል። (እኔም አርሰናል ነኝ፤ አልክድም።)

የትናንቱን ውጤት የነገረችኝ ሻይ ያቀረበችልኝ ልጅ ናት። ሁለተኛው ስክሪን ያኔም ማስታወቂያ ላይ ነበር።