ማሽን ያውቃል ወይስ ያሰላል? የቅኔ መምህርና የኮምፒውተር ባለሙያ ክርክር

የቅኔ መምህሩ፦ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ አስቀድሞ ግስ ያጠናል፤ ከዚያም በሁለት ቤት ከምትቆመው ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ባለ ሦስት ቤቷን ዘአምላኪየ አልፎ፣ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይዘልቃል። የሚሰማው ምሳሌ ጥቂት ነው፤ የሚጠየቀው ግን ማንም ያልተናገረው አዲስ ቅኔ ነው፤ የትናንቱን መልሶ ቢያቀርብ መምህሩ አይቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው ጂፒቲ-3 የተባለው የቋንቋ ሞዴል (ጽሑፍ የሚያመነጭ የኮምፒውተር ፕሮግራም) በአንጻሩ ቋንቋን የተማረው 300 ቢሊዮን ያህል የቃል ቁርጥራጮችን እያየ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን በመገመት ነው። ይህ በሰው ዕድሜ ተነቦ አያልቅም። በጥቂት ምሳሌ ምሥጢር የሚያወጣ አእምሮና ከብዛት ልማድን የሚቀስም ማሽን እንዴት አንድ ዓይነት ዕውቀት አላቸው ይባላል?

የኮምፒውተር ባለሙያው፦ የኔታ፣ ስለ ምሳሌው ብዛት ያሉት እውነት ነውና አልከራከርበትም። ይሁንና ማሽን የሰውን ፈለግ ከመድገም አያልፍም ወደሚለው ድምዳሜ አያደርሰንም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሴኡል ላይ አልፋጎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም «ጎ» በሚባለው የሰሌዳና የጠጠር ጨዋታ ሊቁን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ሲረታ፣ በሁለተኛው ግጥሚያ ያኖራት 37ኛዋ ጠጠር ለባለሙያዎች እንኳ መጀመሪያ ስሕተት መስላ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመጣው አልፋጎ ዜሮ ደግሞ የሰው ጨዋታ አንድም ሳያይ፣ ሕጉን ብቻ ይዞ ከራሱ ጋር በመጫወት፣ በ3 ቀን ልምምድ ሊ ሴዶልን የረታውን ስሪት 100 ለ 0 አሸነፈ። ይህ ዕውቀት ከማን ተቀዳ?

የቅኔ መምህሩ፦ ልጄ፣ በእነዚያ 3 ቀናት 4.9 ሚሊዮን ጊዜ ከራሱ ጋር መጫወቱን አትርሳ። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፦ በ«ጎ» ሰሌዳ ላይ ማን እንዳሸነፈ ሕጉ ራሱ ይናገራል፤ ማሽኑም ስሕተቱን የሚያርመው በዚያ ፍርድ ነው። ቅኔ እንዲህ ያለ ቆጣሪ የለውም። ሰሙ ለወርቁ መግጠሙን የሚለየው፣ ቅኔው የሚነካውን ሐዘንና ደስታ በኑሮው የቀመሰ፣ ታሪኩንም የሚያውቅ ጉባኤ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያው፦ የዛሬዎቹ የቋንቋ ሞዴሎችም ቢሆኑ ከሚታረሙባቸው መንገዶች አንዱ ሰዎች መልሶቻቸውን እያወዳደሩ የሚሰጡት ፍርድ ነው። የእርስዎም ተማሪ የሚቀናው በእርስዎ ተግሣጽና በጉባኤው «ይበል» ነው። ፍርዱ ከውጭ ስለ መጣ የተማሪው ዕውቀት የራሱ አይደለም ካላልን፣ በማሽኑ ላይ ለምን እንላለን?

የቅኔ መምህሩ፦ ምክንያቱም ተማሪዬ ከቅኔ ቤት ሲወጣ ፍርዱን ይዞት ይወጣል፤ የእኔን ቅኔ እንኳ ይነቅፋል። ማሽንህ የገዛ ቅኔውን ሰምቶ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሰሙ ወርቁን አልሸከም ስላለው የጣለው ዕለት ጥያቄውን እንደ ገና ለመክፈት ዝግጁ ነኝ።